የተቆለፈ የሙዚቃ ፋይልን ወደ ኤምፒ3 መቀየር፦ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም

ከዓመታት በፊት በገንዘብ የተገዛ ዘፈን በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ይጫወታል፤ ወደ ስልክ፣ ወደ ፍላሽ ወይም ወደ መኪና ቴፕ ሲገለበጥ ግን ዝም ይላል። የዘፈኑ ስም ይታያል፣ የዘፋኙ ስም ይታያል፣ የአልበሙ ሽፋን ሳይቀር ብቅ ይላል፤ ድምፅ ብቻ የለም። ፋይሉ ተበላሽቶ ሳይሆን ተቆልፎ ነው። ይህ መቆለፊያ ዲአርኤም ይባላል፤ ሥራውም ዘፈኑ ሻጩ በፈቀደው አካውንትና በፈቀደው መሣሪያ ላይ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ ነው።

ይህ የገጠመው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኮንቨርተር ያወርዳል። ኮንቨርተሩ አልችልም ይላል፤ ሌላ ይወርዳል፣ እሱም እንደዚያው። ነገሩ እንዲገባ ፎርማትንና መቆለፊያን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። ፎርማት ድምፁ የተጨመቀበት ዘዴ ነው፦ ኤምፒ3፣ ኤኤሲ፣ ደብሊውኤምኤ፣ ፍላክ ወዘተ። መቆለፊያው ደግሞ ድምፁ ከተጨመቀ በኋላ በላዩ ላይ የተደረበ ምስጠራ ነው። ኮንቨርተር ከአንዱ ፎርማት ወደ ሌላው ያሻግራል እንጂ ምስጢር አይፈታም፤ መፍቻው ቁልፍ ያለው በሻጩ ሰርቨርና ፈቃድ ባገኘው ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የተጻፉት መንገዶች በሙሉ የሚያልፉት ቁልፉ በእጁ ባለ ማጫወቻ ወይም በራሱ በሻጩ በኩል ነው። ዘፈኑ ዛሬ የሚጫወትበት አንድ ኮምፒውተር ካለ መፍትሔ አለ። ያ ኮምፒውተር ከሞተ ወይም ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ከተጫነ ግን ሥራው በጣም ይከብዳል፤ ለዚህ ነው ቀጠሮ መስጠት የማያዋጣው።

መጀመሪያ፣ በእርግጥ ተቆልፏል?

ተቆልፏል ተብሎ ከሚመጣው ፋይል ብዙው ያልተቆለፈ ነው። በተለይ ኤም4ኤ የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል በከንቱ ይታማል። ኤም4ኤ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ኤኤሲ ነው፤ ማንኛውም ኮንቨርተር በሴኮንዶች ወደ ኤምፒ3 ይቀይረዋል፤ የዛሬ ስልኮችና አብዛኞቹ ማጫወቻዎችም ሳይቀየር ያጫውቱታል። የተቆለፈው ኤም4ፒ የሚል መጨረሻ ያለው ነው። አይቲዩንስ በሚባለው የአፕል የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ ዘፈኑን በቀኝ ክሊክ ነክቶ የመረጃ መስኮቱን መክፈትና «ካይንድ» የሚለውን መስመር ማንበብ ይበቃል። «ፕሮቴክትድ ኤኤሲ» ካለ ተቆልፏል፤ «ፐርቸስድ ኤኤሲ» ካለ የተገዛ ቢሆንም ክፍት ነው።

ደብሊውኤምኤ ላይ በስሙ መጨረሻ መለየት አይቻልም፤ የተቆለፈውም ክፍቱም አንድ ዓይነት መጨረሻ አላቸው። በዊንዶውስ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ነክቶ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያም ዲቴይልስ በሚለው ገጽ ላይ «ፕሮቴክትድ» የሚለውን መስመር ማየት ነው፤ መልሱ የስ ወይም ኖ ነው። ተቆልፎ ከተገኘ በዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር የፋይሉ ፕሮፐርቲስ ውስጥ የአጠቃቀም መብቶችን የሚዘረዝር ገጽ አለ፤ ሲዲ ላይ መጻፍ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድና ፈቃዱ የሚያልቅበት ቀን ካለ እዚያ ይታያል። ይህን ገጽ ሳያዩ ሥራ መጀመር ግማሽ ቀን ማባከን ሊሆን ይችላል።

አንድ ወጥመድ እዚሁ ላይ መጠቀስ አለበት። የድሮዎቹ የዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር ቅጂዎች ሰው የራሱን ሲዲ ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጥ ፋይሉን የሚቆልፍ ምርጫ ነበራቸው። ስለዚህ ከሱቅ ያልተገዛ፣ ባለቤቱ ራሱ ከሲዲ የገለበጠው ደብሊውኤምኤም ተቆልፎ ሊገኝ ይችላል። ሲዲው ካለ ከፋይሉ ጋር መታገል አያስፈልግም፤ ምርጫውን አጥፍቶ እንደገና መገልበጥ ነው።

ፋይሉ ውስጥ ያለው ነገር

ፌርፕሌይ በሚባለው የአፕል ዘዴ የሚመሰጠረው ድምፁ ብቻ ነው። ርዕሱ፣ የዘፋኙ ስም፣ ሽፋኑ፣ የገዢው አካውንት ስም ሳይቀር በግልጽ ተጽፈው ይቀመጣሉ፤ ሌላ ማጫወቻ ስሙን እያሳየ ድምፁን ማውጣት የሚያቅተው ለዚህ ነው። ድምፁ የተመሰጠረበት ዋና ቁልፍ እዚያው ፋይሉ ውስጥ አለ፤ እሱ ራሱ ግን ለገዢው አካውንት በተሰጠ ሌላ ቁልፍ ተመስጥሯል። ኮምፒውተሩን «ኦቶራይዝ» ማድረግ ማለት ያን ሁለተኛ ቁልፍ ከአፕል ሰርቨር ተቀብሎ ማስቀመጥ ነው። አንድ አካውንት በአንድ ጊዜ እስከ 5 ኮምፒውተር ፈቃድ ይሰጠዋል።

የማይክሮሶፍቱ ዘዴ ይለያል። በደብሊውኤምኤው መግቢያ ላይ ያለው የቁልፉ መለያ ቁጥርና ፈቃዱ የሚጠየቅበት አድራሻ ብቻ ነው፤ ፈቃዱ ራሱ በኮምፒውተሩ ውስጥ በሌላ ቦታ ይቀመጣል። ፋይሎቹን ብቻ ወደ ሌላ ሀርድ ዲስክ ገልብጦ አሮጌውን ማሽን ፎርማት ያደረገ ሰው ዘፈኖቹን ይዞ ፈቃዶቹን ጥሏል። የሚዲያ ፕሌየር የቀድሞ ቅጂዎች ፈቃዶቹን መጠባበቂያ አድርገው ማስቀመጥ ይችሉ ነበር፤ ቅጂ 11 ላይ ይህ ቀረ።

ይህን ካወቁ የፋይሉን ስም መጨረሻ ከኤም4ፒ ወደ ኤምፒ3 መቀየር ለምን ምንም እንደማይረዳ ግልጽ ይሆናል። ስሙ ተቀየረ እንጂ ውስጡ ያው ምስጢር ነው፤ እንዲያውም ማጫወቻው ፋይሉን በማያውቀው መንገድ ሊያነብ እየሞከረ ይሳሳታል። ፋይሉን ወደ ኢንተርኔት ልኮ «በነጻ ይቀየርልኝ» ማለትም እንዲሁ ነው፤ የዚያ ሰርቨር ባለቤት የእርስዎ ቁልፍ የለውም። አወርዳለሁ ብለው የሚጭኑት «ጥበቃ ሰባሪ» ሶፍትዌር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ተሸክሞ ይመጣል።

ሕጉንም በአጭሩ ማንሳት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት የቅጂ መብት ስምምነት አባል አገሮች እንዲህ ያለውን መቆለፊያ መስበር የሚከለክል ሕግ እንዲኖራቸው ይጠይቃል፤ አሜሪካ በ1998፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 በየራሳቸው ሕግ አውጥተዋል። ለግል ጥቅም መገልበጥ የሚፈቀድበት መጠን ከአገር አገር ይለያያል። ከዚህ በታች ያሉት መንገዶች መቆለፊያውን የሚሰብሩ አይደሉም።

ከሁሉ የሚቀድመው፦ ክፍቱን ፋይል ከሻጩ መውሰድ

የአይቲዩንስ መደብር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2003 ሲከፈት የሚሸጠው ሁሉ 128 ኪሎቢት በሰከንድ የሆነና የተቆለፈ ኤኤሲ ነበር። በግንቦት 2007 የኢኤምአይ ዘፈኖች ያለ መቆለፊያ በ256 ኪሎቢት መሸጥ ጀመሩ፤ በጥር 2009 አፕል የቀሩትንም ትልልቅ አሳታሚዎች ዘፈኖች ክፍት እንደሚያደርግ አስታወቀ። አማዞን በመስከረም 2007 የኤምፒ3 መደብሩን ሲከፍት ገና ከጅምሩ ያለ መቆለፊያ ነበር። ስለዚህ ችግሩ በዋናነት የ2003–2009 ግዢዎች ችግር ነው። ከዚያ ወዲህ ከአይቲዩንስ የተገዛ ዘፈን አልጫወት ካለ መንስኤውን ሌላ ቦታ መፈለግ ይሻላል።

ለእነዚያ የቆዩ ኤም4ፒ ፋይሎች አይቲዩንስ ማች የሚባለው የአፕል አገልግሎት አለ፤ በአሜሪካ ዋጋው በዓመት 24.99 ዶላር ነው። አገልግሎቱ በኮምፒውተሩ ያሉትን ዘፈኖች ከመደብሩ ጋር ያመሳክርና የተገኘውን ዘፈን በ256 ኪሎቢት፣ ያለ መቆለፊያ፣ እንደገና ለማውረድ ይፈቅዳል። ምዝገባው ሲያልቅም የወረዱት ፋይሎች አይወሰዱም። ብዙ መቶ የተቆለፉ ዘፈኖች ላሉት ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ ከሥራው ቀላልነት ሌላ ድምፁም ከ128 ኪሎቢቱ የተሻለ ይሆናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መላውን የሙዚቃ ፎልደር ወደ ውጭ ሀርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ይህን የዘለለ ሰው ኋላ ሲጸጸት ይታያል። ከዚያ ማችን አብርቶ ማመሳከሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው፤ ለትልቅ ስብስብ ሰዓታት ይወስዳል። «ክላውድ ስታተስ» የሚለው ዓምድ ሲበራ «ማችድ» የሚሉት ዘፈኖች ዝግጁ ናቸው። እነሱን ከኮምፒውተሩ ብቻ ይሰርዟቸዋል፤ ከክላውዱም ልሰርዝ ወይ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አይደለም ነው። ከዚያ የደመናዋን ምልክት ተጭኖ ማውረድ። በመጀመሪያ በአንድ አልበም ይሞክሩት። አንዳንድ ጊዜ በመድረክ የተቀዳው ዘፈን በስቱዲዮው፣ ወይም ረጅሙ በአጭሩ ተተክቶ ይመጣል፤ መጠባበቂያው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የተቆለፈ ዘፈን ይሸጡ ከነበሩት ሌሎች ሱቆች ብዙዎቹ ግን ተዘግተዋል። ማይክሮሶፍት በ2008 የኤምኤስኤን ሙዚቃ ፈቃድ ሰጪ ሰርቨሮችን ሊዘጋ መሆኑን ሲያስታውቅ ቁጣ ተነሥቶ ቀኑን ለማራዘም ተገደደ። በዚያው ዓመት ያሁ የሙዚቃ ሱቁን ዘግቶ ደንበኞቹን ዘፈኖቻችሁን ሲዲ ላይ ገልብጡ ብሎ መከረ። ሻጩ ራሱ እንደዚያ ማለቱ የሚያሳየው ቀጣዩ መንገድ ከመጀመሪያም የተፈቀደ እንደነበር ነው።

ሲዲ ላይ ጽፎ መልሶ መገልበጥ

ተራ የኦዲዮ ሲዲ መቆለፊያ የሚባል ነገር አያውቅም። ማጫወቻው ዘፈኑን ፈትቶ ያልተጨመቀ ድምፅ አድርጎ ይጽፍበታል፦ ስቴሪዮ፣ 44,100 ናሙና በሰከንድ፣ እያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት። ይህ 1,411 ኪሎቢት በሰከንድ፣ ማለትም በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከሲዲው መልሰው ሲገለብጡት የሚያገኙት ክፍት ፋይል ነው።

የሚያስፈልገው ሲዲ የሚጽፍ ድራይቭ (አዲስ ላፕቶፕ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሰካ) እና ባዶ ዲስክ ነው። ዲስኩ እየተሰረዘ የሚጻፍበት ሲዲ-አርደብሊው ቢሆን ይመረጣል። አንድ ሲዲ 80 ደቂቃ ይይዛል፤ በ4 ደቂቃ ሂሳብ 20 ዘፈን መሆኑ ነው። 500 ዘፈን ያለው ሰው 25 ሲዲ መጻፍ አለበት፤ በሲዲ-አርደብሊው ግን አንዱ ዲስክ 25 ጊዜ ይሠራል።

በአይቲዩንስ ከ80 ደቂቃ የማይበልጥ ፕሌይሊስት ይሠሩና ፋይል ከሚለው ሜኑ ውስጥ «በርን ፕሌይሊስት ቱ ዲስክ» የሚለውን ይመርጣሉ። በሚከፈተው መስኮት ላይ አራት ነገር ይስተካከላል። የዲስኩ ዓይነት «ኦዲዮ ሲዲ» ይሁን፤ «ኤምፒ3 ሲዲ» ወይም «ዳታ ሲዲ» ከተመረጠ የተቆለፉት ዘፈኖች ወይ አይጻፉም ወይ እንደተቆለፉ ይገለበጣሉ። በዘፈኖች መካከል የሚገባው ክፍተት «ነን» ይሁን፤ አለዚያ በመድረክ የተቀዳ አልበም ላይ ጭብጨባው በየመሃሉ 2 ሰከንድ ይቆረጣል። «ሳውንድ ቼክ» ይጥፋ፤ የድምፁን ከፍታ ይለውጣልና። «ሲዲ ቴክስት» ይብራ፤ የዘፈኖቹን ስም ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ፍጥነቱን ደግሞ ከሚፈቀደው ከፍተኛ ዝቅ ማድረግ ስሕተት ይቀንሳል።

አንድ ፕሌይሊስት እንዳለ ሳይቀየር ሲዲ ላይ የሚጻፈው 7 ጊዜ ብቻ ነው፤ ለዚህ ሥራ አንድ ጊዜ ስለሚበቃ ገደቡ አያስቸግርም። በደብሊውኤምኤ በኩል ሥራው በዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር ይሠራል፤ የመጻፍ ፈቃዱ ስንት ጊዜ እንደሆነ ግን ቅድም በተባለው የመብቶች ገጽ ላይ ይታይ፤ በየወሩ እየተከፈለ ይደመጡ የነበሩ የኪራይ ዘፈኖች አብዛኞቹ ጭራሽ አይፈቅዱም።

መልሶ መገልበጡ ላይ ነው ጥራት የሚጠፋው ወይም የሚተርፈው። በአይቲዩንስ የኢምፖርት ሴቲንግ ውስጥ ሲዲ ሲነበብ ስሕተት እንዲታረም የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበት፤ ጊዜ ይጨምራል፣ ነገር ግን ጭረት ባለበት ዲስክ ላይ የሚሰማውን ቅ-ቅ-ቅ ድምፅ ያስቀራል። ቀጥሎ ፎርማቱን መምረጥ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል።

ቢትሬቱ (ለአንድ ሰከንድ ድምፅ የሚያዘው የመረጃ መጠን) ስንት ይሁን?

ኤኤሲም ሆነ ኤምፒ3 ጆሮ አይሰማውም ብለው የገመቱትን የድምፅ ክፍል ቆርጠው ይጥላሉ። የተገዛው 128 ኪሎቢት ፋይል አንድ ጊዜ ተቆርጧል። ሲዲ ላይ ሲጻፍ ምንም አዲስ ነገር አይጠፋም፤ የተጣለው ግን አይመለስም። ከዚያ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ለሁለተኛ ጊዜ ይቆረጣል፤ ሁለተኛው ቆራጭ ደግሞ የመጀመሪያው የቆረጠበትን ቦታ አያውቅም። ጉዳቱ ቀድሞ የሚታወቀው በጸናጽልና በጭብጨባ ላይ ነው፤ ጥርት ያለው ጩኸት ውሃ ውስጥ እንዳለ ይሆናል።

ስለዚህ 128ን መልሶ በ128 ኤምፒ3 ማስቀመጥ አይመከርም፤ ልዩነቱ በተራ የጆሮ ማዳመጫም ይሰማል። ከ192 እስከ 256 ባለው ቢትሬት ሁለተኛው ቁረጣ ብዙም አይታወቅም። የኤምፒ3 ኢንኮደሩ (ድምፁን የሚጨምቀው ፕሮግራም) ሌም የሚባለው ከሆነ ቪ2 የሚባለው ደረጃ በአማካይ 190 ገደማ፣ ቪ0 ደግሞ 245 ገደማ ይሰጣል፤ ለዚህ ሥራ ሁለቱም ይስማማሉ። 320 መምረጥ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ በመጀመሪያው ቁረጣ የጠፋውን አያመጣም። ቦታ ያለው ሰው አንድ ቅጂ በፍላክ ቢያስቀምጥ ጥሩ ነው፤ ፍላክ ምንም አይቆርጥም፤ ነገ ሌላ ፎርማት ቢያስፈልግ ከእሱ ይወጣል። የ4 ደቂቃ ዘፈን በ192 ኤምፒ3 6 ሜጋባይት ገደማ፣ በ320 10 ገደማ፣ በፍላክ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30፣ ባልተጨመቀ ዋቭ ደግሞ 42 ይሆናል።

ሲዲ መጻፍ ካልተቻለ፦ እየተጫወተ መቅዳት

ድራይቭ ከሌለ ወይም ፈቃዱ ሲዲን ከከለከለ ገዝተው የያዙትን ዘፈን እያጫወቱ ድምፁን መቅዳት ይቀራል። ዋጋው ጊዜ ነው፤ የ10 ሰዓት ሙዚቃ 10 ሰዓት ይፈጃል። ለ20 ዘፈን ይሆናል፣ ለ2,000 ዘፈን አይሆንም።

ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ኦዲዮ ሆስቱን «ዋሳፒ»፣ የመቅጃ ምንጩን ደግሞ ከድምፅ ማጉያው ስም ቀጥሎ «ሉፕባክ» የሚለውን ያደርጋሉ። ፕሮጀክቱ 44,100 እና ስቴሪዮ ይሁን። የማጫወቻው ድምፅ ሙሉ ይሁን፤ የዊንዶውስ የድምፅ ማሻሻያ ምርጫዎች ይጥፉ፤ የመልእክትና የኢሜይል ማሳወቂያ ድምፆችም እንዲሁ፣ አለዚያ የመልእክቱ ደወል ከዘፈኑ ጋር ለዘላለም ይቀዳል። ምንም ድምፅ በማይጫወትበት ጊዜ ይህ ዘዴ አይቀዳም፤ ስለዚህ መቅጃው ቆሞ ቢታይ ዘፈኑ ሲጀምር ይንቀሳቀሳል። በማክ ላይ ብላክሆል የሚባል ነጻ የድምፅ ማስተላለፊያ ተጭኖ እሱ መውጫም መግቢያም ይደረጋል።

ቀረጻው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ሆኖ ከወጣ አንዳንድ የድምፅ ካርድ ድራይቨሮች የተጠበቀ ድምፅ በሉፕባክ እንዳይወጣ ስለሚከለክሉ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በሁለት ጫፉ 3.5 ሚሊሜትር ስቴሪዮ መሰኪያ ያለው ገመድ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ሌላ ኮምፒውተር «ላይን ኢን» ይሰካል። የማይክሮፎን ቀዳዳ አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ሞኖ ነው፣ ድምፁንም ከመጠን በላይ ያጎላል። ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ እንዲደርስ ማስተካከል ነው፤ ዜሮን ከነካ የተቆረጠው ጫፍ አይመለስም። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሰካ እምም የሚል ድምፅ ከተሰማ ነቅሎ በባትሪ መቅዳት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ከስትሪሚንግ አገልግሎቶች «ዳውንሎድ» የተደረጉ ዘፈኖች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ተጠቃሚው ዘፈኑን አልገዛም፤ የከፈለው ለማዳመጥ ነው። በአፕል ሙዚቃ የወረደው ፋይል ኤም4ፒ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሲዲ ላይ አይጻፍም፣ ምዝገባው ሲቋረጥም አይጫወትም። ስፖቲፋይም ያለ ኢንተርኔት ለማዳመጥ የወረዱትን ለማቆየት ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት መገናኘት ይጠይቃል። መቅዳትም በአገልግሎት ውሎቻቸው የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለውን ዘፈን በኤምፒ3 የፈለገ ሰው ዘፈኑን መግዛት አለበት።

ስሞቹና የመጨረሻው ፍተሻ

ከሲዲ የመጣው «ትራክ 01፣ ትራክ 02» ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ሙዚክብሬንዝ ፒካርድ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዘፈኑን በድምፁ አሻራ ለይቶ ስምና አልበም ይሞላል። የድምፅ አሻራው የሚዛመደው አስቀድሞ በመረጃ ቋቱ ከተመዘገቡ ዘፈኖች ጋር ስለሆነ ብዙም ያልታወቁ ዘፈኖችን ላያውቃቸው ይችላል፤ እነዚያን በእጅ መጻፍ ነው። በቀረጻ የመጣ ረጅም ፋይል ደግሞ በኦዳሲቲ ዝምታው ባለበት ቦታ ላይ ምልክት ተደርጎበት በአንድ ጊዜ ተከፋፍሎ ይወጣል።

ከመሰረዝ በፊት የእያንዳንዱን አዲስ ፋይል ርዝመት ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ፤ ከ2 ሰከንድ በላይ ልዩነት ካለ አንድ ቦታ ተቆርጧል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን 5 ሰከንድ ማዳመጥም ይበቃል፤ ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው ያለው። የተቆለፉት ፋይሎችና የግዢ ደረሰኞች ይቀመጡ፤ ቦታ አይፈጁም፣ ዘፈኑ የተገዛ መሆኑንም ያስረዳሉ። አሮጌው ኮምፒውተር የሚሸጥ ወይም የሚጣል ከሆነ አዲሶቹ ፋይሎች በሌላ መሣሪያ ላይ መጫወታቸው ከታየ በኋላ ብቻ «ዲኦቶራይዝ» ይደረግ፤ ሳያደርጉት ከጠፋ ከ5ቱ ቦታዎች አንዱ እንደተያዘ ይቀራል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያስለቅቀው ምርጫ በአካውንት ገጹ ላይ አለ፤ የሚፈቀደው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ነው።